የፒኢቲ ፊልም ፀረ-ዳምፒንግ ቀረጥ፦ ዕቃው ተሸጦ ካለቀ በኋላ የመጣ ተጨማሪ ሂሳብ

ከረጢት ሠሪ (ሜሪላንድ) ጠየቀ፦

ሰላም ለዚህ መድረክ አባላት በሙሉ። በሜሪላንድ አነስተኛ የማሸጊያ ሥራ አለኝ። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ለሚገኙ የሐበሻ ሱቆች ለበርበሬ፣ ለሽሮና ለተቆላ ቡና የሚሆኑ ከረጢቶችን አትሜ፣ አጣብቄና ቆርጬ አስረክባለሁ። የከረጢቱ የላይኛው ገጽ፣ ማለትም ጽሑፉና ሥዕሉ የሚታተምበት፣ 12 ማይክሮን ውፍረት ያለው ግልጽ የፒኢቲ (የፖሊስተር ፕላስቲክ) ፊልም ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህንኑ ፊልም በሁለት ኮንቴይነር ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች አስመጣሁ። ትራንዚተሬ ዕቃው የፀረ-ዳምፒንግ ቀረጥ፣ ማለትም የውጭ ዕቃ ከተገቢው ዋጋ በታች ሲሸጥ (ዳምፒንግ) የሚጣል ተጨማሪ ቀረጥ፣ እንዳለበት አስቀድሞ ነግሮኝ ስለነበር የተጠየቅሁትን ከፍዬ አወጣሁ፤ ያንንም ወጪ በከረጢቱ ዋጋ ውስጥ አስልቼ ሸጥሁ።

ፊልሙ ካለቀ ከሁለት ዓመት በላይ ከሆነው በኋላ፣ ባለፈው ወር ተጨማሪ ቀረጥ ከነወለዱ በ30 ቀን ውስጥ እንድከፍል የሚጠይቅ ሂሳብ ደረሰኝ። መጠኑ ከሁለቱ ኮንቴይነሮች ካገኘሁት ትርፍ ይበልጣል። በዲክላራሲዮኔ ላይ የተገኘ ስሕተት የለም፤ ዋጋውም፣ ክብደቱም፣ የታሪፍ ቁጥሩም ልክ ነው። ምክንያቱ የዓመታዊ ክለሳ ውጤት መሆኑ ብቻ ተጠቅሷል።

ሦስት ነገር እንድታስረዱኝ እለምናለሁ። አንደኛ፣ ከፍዬ የጨረስሁት ቀረጥ ከዓመታት በኋላ እንዴት ሊለወጥ ይችላል? ሁለተኛ፣ ፊልሙን የሸጠልኝ ድርጅት ተወካይ በወቅቱ "ቀረጡ ከጨመረ ግማሹን እኛ እንችላለን" ብሎ በኢሜይል ጽፎልኝ ነበርና አሁን ይህን ልጠይቀው ወይ? ሦስተኛ፣ ይህ ቀረጥ በየአምስት ዓመቱ እንደሚታይ ሰምቻለሁ፤ ይነሣል ብሎ ተስፋ ማድረግ ይቻላል?

የቀድሞ ትራንዚተር መለሰ፦

ጤና ይስጥልኝ። በባልቲሞር ወደብ ዕቃ በማስፈታት ሥራ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ይህንን ጥያቄ ከአንድም ሦስት አስመጪዎች አፍ ሰምቼዋለሁ፤ ሁሉም እንደ እርስዎ ሥራቸውን በትክክል የሠሩ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ አስቀድሜ የምነግርዎ ነገር ቢኖር ጥፋተኛ ተብለው የተቀጡ እንዳልሆነ ነው።

በአገራችን የለመድነው የድህረ ዕቃ አወጣጥ ኦዲት ሰነድ ላይ ጉድለት ተፈልጎ ልዩነት የሚጠየቅበት ነው። ይኸኛው ግን ከዚያ ፈጽሞ የተለየ አሠራር ነው። በአሜሪካ ሕግ፣ ፀረ-ዳምፒንግ ትዕዛዝ ባለበት ዕቃ ላይ በወደቡ የሚከፈለው ገንዘብ ቀረጡ ራሱ ሳይሆን የቀረጡ ማስያዣ ነው። ትክክለኛው ቀረጥ የሚታወቀው የንግድ ሚኒስቴሩ የዚያን ዓመት ሽያጭ ከመረመረ በኋላ ነው። የአውሮፓ ኅብረትን የመሳሰሉ ሌሎች መጣኙን (ከዋጋው ስንት ከመቶ እንደሚከፈል) አስቀድመው ቆርጠው ወደፊት ብቻ ያስከፍላሉ፤ አሜሪካ ግን ወደ ኋላ ተመልሳ ታሰላለች። የእርስዎ ጉዳት ሙሉ በሙሉ የሚመነጨው ከዚህ ልዩነት ነው።

አካሄዱን በእርስዎ ዕቃ ላይ ላሳይዎ። የኤምሬቶች ፊልም ትዕዛዝ የወጣው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2008 ከቻይናና ከብራዚሉ ጋር ስለሆነ የልደት ወሩ ኖቬምበር ነው። በየዓመቱ በዚሁ ወር ውስጥ የአገር ውስጥ አምራቾች፣ ላኪው ራሱ፣ ወይም እንደ እርስዎ ያለ አስመጪ "ያለፈው ዓመት ሽያጭ ይከለስልኝ" ብሎ ማመልከት ይችላል። ማንም ካላመለከተ የተያዘው ገንዘብ የመጨረሻው ቀረጥ ሆኖ ሂሳቡ ይዘጋል። አንድ ወገን ካመለከተ ግን የመጀመሪያው ውጤት ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ በ245 ቀን፣ የመጨረሻው ደግሞ ያ ውጤት በታወጀ በ120 ቀን ውስጥ መውጣት አለበት፤ እነዚህም እስከ 365 እና 180 ቀን ሊራዘሙ ይችላሉ። አሁን ያስሉት፦ ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ የገባ ጥቅል ክለሳ የሚጠየቅበት ዓመት ሙሉ ካለፈ በኋላ ነው፤ በዚያ ላይ የክለሳው ጊዜ አንድ ዓመት ተኩል ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላም ጉምሩክ ሂሳቡን ለመዝጋት ስድስት ወር አለው። ሦስት ዓመት ሞላ ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዲክላራሲዮንዎ ታግዶ ሳይዘጋ ይቆያል እንጂ አልተጠናቀቀም ነበር።

ለስሌት እንዲመች 100,000 ዶላር የሚያወጣ ፊልም በ5 ከመቶ ማስያዣ ገባ እንበል። ክለሳው 9 ከመቶ ቢል 4,000 ዶላር ከነወለዱ ይጠየቃሉ፤ 2 ከመቶ ቢል 3,000 ዶላር ከነወለዱ ይመለስልዎታል። ውጤቱ ከግማሽ ከመቶ በታች ከሆነ እንደ ዜሮ ተቆጥሮ ማስያዣው ሁሉ ይመለሳል። ተመላሽ ያገኘ አስመጪ እንደዚህ ባለ መድረክ ላይ ለጥያቄ ስለማይመጣ ብዙ ሰው ክለሳ ሁልጊዜ የሚጨምር ይመስለዋል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመጣ እባክዎ በጥንቃቄ ያንብቡኝ። የፀረ-ዳምፒንግ ቀረጥን ሻጩ ለአስመጪው ከተካ፣ የተተካው መጠን በቀረጡ ላይ ተጨምሮ ይሰላል። ይኸውም አስመጪው ቀረጡን ካልተሸከመ የቀረጡ ዓላማ ከንቱ ስለሚሆን ነው። ሂሳቡ ከመዘጋቱ በፊት አስመጪው "ከሻጩ ምንም ማካካሻ አልተቀበልሁም፣ ስምምነትም የለኝም" የሚል ማረጋገጫ ማስገባት አለበት፤ ካላስገባ ማካካሻ እንደተቀበለ ተቆጥሮ ቀረጡ እጥፍ ይሆናል። ያ ኢሜይል ስምምነት ነው ተብሎ ሊወሰድ የሚችል ጽሑፍ ነው። ግማሹን አገኛለሁ ብለው ሁለት እጥፍ እንዳይከፍሉ፣ ለሻጩ አንዲት ቃል ከመጻፍዎ በፊት የንግድ ሕግ ጠበቃ ያማክሩ፤ ትራንዚተርዎም ማረጋገጫውን አስገብቶ እንደነበር ዛሬውኑ ይጠይቁት።

ተቃውሞ ማቅረብን በተመለከተ፣ ሂሳቡ ከተዘጋ በኋላ 180 ቀን አለዎት። ነገር ግን ተቃውሞው የሚያገለግለው ጉምሩክ መጣኙን በስሕተት ተግባራዊ ካደረገ ነው፤ ለምሳሌ የሌላ አምራች መጣኝ በእርስዎ ዕቃ ላይ ተሰልቶ ከሆነ። መጣኙ ራሱ ከፍ አለ ብሎ መከራከር የሚቻለው በኒው ዮርክ ባለው የዓለም አቀፍ ንግድ ፍርድ ቤት፣ በክለሳው ውስጥ ተሳታፊ በነበረ ወገን፣ ያውም የመጨረሻው ውጤት በታወጀ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ይህ በር ለእርስዎ የተዘጋ ይመስለኛል። ተሳታፊ የሆኑትም ቢሆን ሁልጊዜ አይቀናቸውም፤ የራስ አል ኸይማው አምራች ጄቢኤፍ ራክ በዚሁ ፊልም ላይ የዋጋ ማነጻጸሪያውን ዘዴ ተቃውሞ እስከ ፌደራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ቢደርስም እ.ኤ.አ. በ2015 ተረትቷል።

አንድ ነገር ግን መመርመር አለብዎት። እግዱ መነሣቱ ለጉምሩክ ከተነገረበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ካለፈ፣ ዲክላራሲዮኑ በገባበት መጣኝ እንደተዘጋ በሕግ ይቆጠራል፤ ያኔ ተጨማሪው ሂሳብ ይወድቃል። ውጤቱ በፌደራል ሬጅስተር፣ ማለትም በእነሱ ነጋሪት ጋዜጣ፣ የታተመበትን ቀን ይፈልጉና የእርስዎ ሂሳብ ከተዘጋበት ቀን ጋር ያስተያዩት።

ከፊልም ፋብሪካ ሂሳብ ክፍል (ሻርጃ) መለሰች፦

ወንድሜ፣ የደረሰብዎት ነገር አሳዝኖኛል፤ ምክንያቱም ከአጥሩ ወዲህ ማዶ ሆኜ ያንን ቁጥር ከሚያመነጩት ወረቀቶች ጋር ዓመታት አሳልፌአለሁ። በኤምሬቶች በአንድ የፊልም ፋብሪካ ሂሳብ ክፍል ስሠራ የአሜሪካ መንግሥት የክለሳ መጠይቅ በመጣ ቁጥር መረጃ ከሚያዘጋጁት አንዷ ነበርሁ። መጣኙ ከየት እንደሚመጣ ቢያውቁ ቢያንስ ነገሩ እንደ ዕጣ አይመስልዎትም።

መጠይቁ በፊደል የተከፋፈለ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ስለ ድርጅቱ ባለቤትነትና አወቃቀር ይጠይቃል፤ ቀጥሎ በአገር ውስጥ የተሸጠው፣ ከዚያ ወደ አሜሪካ የተሸጠው፣ በመጨረሻም የማምረቻ ወጪው ይመጣል። የእኔ ድርሻ የሽያጩ ነበር። የዓመቱ ሽያጭ እያንዳንዱ የደረሰኝ መስመር ለብቻው አንድ ረድፍ ይይዛል፤ በረድፉም የፊልሙ ውፍረት፣ ደረጃው፣ ገጹ የታከመ መሆኑ ወይም አለመሆኑ ይጻፋል፤ ይኸውም 12 ማይክሮን ከ50 ማይክሮን ጋር እንዳይነጻጸር ነው። ከዋጋው ላይ የአገር ውስጥ ማጓጓዣ፣ የመርከብ ኪራይ፣ መድን፣ ለዱቤ የተሰጠው ጊዜ የሚያስከትለው ወለድ እየተነሣ ከፋብሪካው በር ላይ ያለው የተጣራ ዋጋ ይወጣል። ጥቅሉ የሚያርፍበት የእንጨት ፓሌት፣ በጥቅሉ ጫፍና ጫፍ የሚታሰረው ክብ ሰሌዳ፣ የሚጠቀለልበት ፕላስቲክ እንኳ በኪሎ ስንት እንደሚደርስ ተሰልቶ ይገባል።

አንድ ጊዜ የአንድ ወር የየብስ ማጓጓዣ በኪሎ መሆን ሲገባው በኮንቴይነር ሆኖ ተመዝግቦ አገኘሁት። ስሕተቱ የእኔው ነበር፤ ከመላኩ በፊት በነበረው ምሽት ድምሩ ከዋናው መዝገብ ጋር አልገጥም ሲለኝ ነው የታየኝ። ሳይታይ አልፎ ቢሆን ኖሮ የእነዚያ ሽያጮች የተጣራ ዋጋ ከእውነቱ በጣም አንሶ ይታይ ነበር፤ ልዩነቱም ዞሮ ዞሮ በሜሪላንድ ወይም በቴክሳስ ባለ አንድ አስመጪ ላይ ያርፍ ነበር። ያ ሰው የእኔን ስም አያውቅም፣ እኔም የእሱን። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ረድፍ የሰው ዕዳ አድርጌ ነው የማየው።

መርማሪዎች ፋብሪካው ድረስ ለማረጋገጥ ሲመጡ ደግሞ ከሺህ ደረሰኝ ውስጥ ጥቂቶችን ራሳቸው መርጠው፣ ከትዕዛዙ እስከ ባንክ ገቢው ድረስ ሰነድ በሰነድ ይከተላሉ። ሰነዱ ካልተገኘ፣ ወይም ድርጅቱ መልስ ለመስጠት ከታከተ፣ ባለሥልጣኑ ከእጁ ካለው መረጃ ውስጥ ለድርጅቱ የማይጠቅመውን መርጦ መጣኙን ሊያወጣ ይፈቀድለታል። ከፍተኛ መጣኞች ብዙ ጊዜ የሚወለዱት ከዚህ ነው፤ ሁልጊዜ ዕቃው በርካሽ ስለተሸጠ አይደለም።

የኤምሬቶች አምራች ሌላም ችግር አለበት። የአገር ውስጥ ገበያው ትንሽ ነው። በአገር ውስጥ የተሸጠው ወደ አሜሪካ ከተላከው 5 ከመቶ ካልሞላ ማነጻጸሪያ ሆኖ ስለማያገለግል፣ ወይ በሦስተኛ አገር የተሸጠበት ዋጋ ይወሰዳል፣ ወይ ከማምረቻ ወጪና ከትርፍ ተነሥቶ ዋጋ ይገነባል። የፒኢቲ ጥሬ ዕቃ ከነዳጅ ጋር ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ ጥሬ ዕቃው በተወደደበት ወር የተመረተ ፊልም በረከሰበት ወር ከተሸጠ ማንም ለማጭበርበር ሳያስብ ዳምፒንግ ሊታይ ይችላል።

ስለዚህ ከማንም ሻጭ ከመግዛትዎ በፊት ይህን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ "የመጨረሻውን መጠይቅ ራሳችሁ መለሳችሁ ወይ?" በየዓመቱ ለመጠይቁ የሚመልስና የተመረመረ ድርጅት መጣኙ ቢለዋወጥም አቅጣጫው ይታወቃል። ያልተመረጡ ድርጅቶች በአብዛኛው የሚያገኙት የተመረጡትን አማካይ ነው፤ በሌላ ሰው መዝገብ ይዳኛሉ ማለት ነው።

ከረጢት ሠሪ (ሜሪላንድ)፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እህቴ፣ ስለ ረድፎቹ የጻፉልኝን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ለሻጩ ልጽፈው ያዘጋጀሁትን ኢሜይል አልላክሁትም። አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ አንድ ነጋዴ "ብርማ የሆነውን፣ አሉሚኒየም የተቀባውን ፊልም ብታስመጣ ይህ ሁሉ አይነካህም" ብሎኛል። እውነት ነው?

የጥራት ተቆጣጣሪ (ደቡብ ካሮላይና) መለሰ፦

ጥያቄው ወደ እኔ ሙያ ስለመጣ ልግባበት። በአሜሪካ ውስጥ ባለ የፊልም ፋብሪካ በጥራት ቁጥጥር ስለምሠራ የማየው ከአገር ውስጥ አምራቹ ወገን እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁልኝ።

ነጋዴው ያሉት በመሠረቱ ልክ ነው፤ ግን ዝርዝሩ ወሳኝ ነው። የትዕዛዙ ወሰን ጥሬ፣ ቅድመ-ሕክምና የተደረገለትና ፕራይመር (ቀለም እንዲይዝ የሚቀባ ስስ መነሻ ሽፋን) የተቀባ ፊልምን በማናቸውም ውፍረት ይይዛል። ከወሰኑ ውጪ የሆኑት ብረት የተቀባ ፊልምና ቢያንስ በአንድ ገጹ ላይ ከ0.00001 ኢንች የሚበልጥ ውፍረት ያለው የአገልግሎት ማሻሻያ ሽፋን ያለው ፊልም ናቸው። ይህ ቁጥር ወደ ማይክሮን ሲመለስ ሩብ ማይክሮን ገደማ ነው። በእጅ የሚዳሰስ ነገር አይደለም፤ በዓይንም አይለይም። ቀለም እንዲይዝ በኤሌክትሪክ ብልጭታ የታከመ ገጽ፣ ወይም እጅግ የሳሳ ፕራይመር ያለው ፊልም፣ ሻጩ "የተቀባ" ብሎ ቢጠራውም ከወሰኑ ውስጥ ነው። ስለዚህ በሻጩ ቃል ሳይሆን በቴክኒክ መግለጫው ላይ በተጻፈው የሽፋን ውፍረት ይመኑ፤ ጥርጣሬ ካለ የወሰን ውሳኔ እንዲሰጥ ለንግድ ሚኒስቴሩ ማመልከት ይቻላል። ብርማ ፊልም ደግሞ ብርሃን ስለማያሳልፍ ለቡና መልካም ነው፤ በርበሬው በከረጢቱ እንዲታይ ለሚፈልግ ደንበኛ ግን አይሆንም።

ስለ አምስት ዓመቱ ክለሳ ማንም እስካሁን ስላልመለሰ እኔ ልሞክር። ይህ ክለሳ ከዓመታዊው ጋር መምታታት የለበትም። ዓመታዊው "ስንት ይከፈል?" ብሎ ይጠይቃል፤ የአምስት ዓመቱ "ትዕዛዙ ይቀጥል ወይስ ይነሣ?" ብሎ ይጠይቃል። በኡራጓይ ዙር ድርድር ማግሥት ወደ አሜሪካ ሕግ የገባ ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ይሠራል። ሁለት መሥሪያ ቤቶች ይካፈሉታል፦ ንግድ ሚኒስቴሩ ትዕዛዙ ቢነሣ ዳምፒንግ ይቀጥል ወይም ይመለስ እንደሆነ ይወስናል፤ የዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽኑ ደግሞ በአገር ውስጥ ኢንዱስትሪ ላይ ጉዳት ይመለስ እንደሆነ ይወስናል። ትዕዛዙ የሚቀጥለው ሁለቱም አዎን ካሉ ነው። የአገር ውስጥ አምራች ጭራሽ መልስ ካልሰጠ በ90 ቀን ውስጥ ይነሣል፤ በውጭ ያሉት ወገኖች በቂ መልስ ካልሰጡ ደግሞ አጠር ባለ አሠራር ይታያል፤ ይህም በአብዛኛው በመቀጠል ይደመደማል።

በሕንድና በታይዋን ፊልም ላይ ያሉት ትዕዛዞች በጁላይ 2002 ወጥተው በተደጋጋሚ እንዲህ ያለውን ክለሳ አልፈዋል። እንዲያውም በሕንዱ ላይ የድጎማ ማካካሻ ቀረጥም ተደርቦበታል። እንግዲህ ይነሣል ብሎ በጀት መያዝ አይመከርም።

ብዙ አስመጪ ወንድሞቻችን ይህንን ቀረጥ የትልልቅ ድርጅቶች ጥቅም ብቻ አድርገው ያያሉ፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ፊልም የሚዘረጋው መስመር ቀንና ሌሊት የሚሠራ ነው። ቀልጦ የወጣው ፕላስቲክ በርዝመትም በወርድም እየተጎተተ ይሳሳል፤ አንድ ጊዜ ከተበጠሰ መልሶ ለማስያዝ ብዙ ጥሬ ዕቃና ሰዓት ይባክናል። በዚህ ምክንያት ዋጋ ሲወርድ አምራቹ መስመሩን ጋብ አድርጎ መጠበቅ አይችልም፤ ወይ በኪሳራ ይሸጣል፣ ወይ መስመሩን ዘግቶ ሠራተኛውን ያሰናብታል። በእኔ ፈረቃ ላይ ያሉት ሰዎች ከዚህ የተለየ ሙያ የላቸውም። ሆኖም የመክፈያው ቀን እንዲህ መዘግየቱ እንደ እርስዎ ያለውን አነስተኛ አስመጪ እንደሚጎዳ አልክድም። እኔ ብጠየቅ ቀረጡን ትቼ መዘግየቱን እንዲያስተካክሉት እመክራለሁ።

የቀድሞ ትራንዚተር፦

ወንድማችን በሚሉት መዘግየት እስማማለሁ። ለከረጢት ሠሪው አንድ ማስታወሻ ልጨምር፦ ሂሳቡን በ30 ቀን ውስጥ ካልከፈሉ ወለዱ ይቀጥላል፤ የጉምሩክ ቦንድ (የክፍያ ዋስትና) የሰጠዎት ዋስም ይጠየቃል። ዋሱ ከከፈለልዎ በኋላ ወደ እርስዎ ይመለሳል፤ ቀጣዩ ቦንድም ይወደድብዎታል ወይም ይከለከላሉ። ተቃውሞ ለማቅረብ ከወሰኑም ጊዜው እየሄደ ስለሆነ በቶሎ ከጠበቃ ጋር ይነጋገሩ።

ከረጢት ሠሪ (ሜሪላንድ)፦

የተባልሁትን ሁሉ አደረግሁ። ትራንዚተሬ ማካካሻ አለመቀበሌን የሚገልጸውን ማረጋገጫ ዕቃው በገባ ጊዜ አስገብቶት ኖሯል፤ ቅጂውን ላከልኝ። ስለ ኢሜይሉ ጠበቃ አማከርሁ፤ ሻጩ አንዳችም ገንዘብ አለመክፈሉንና ወደፊትም እንዳልጠይቀው በጽሑፍ አድርገን ከፋይሉ ጋር አያያዝነው። ቀኖቹንም አስተያየሁ፦ እግዱ ከተነሣበት እስከ ሂሳቡ መዘጋት አምስት ወር ከአሥራ ዘጠኝ ቀን ነው። አሥራ አንድ ቀን ያህል ነበር የቀረው። መጣኙም የዚያው አምራች ነው፤ አልተምታታም። ስለዚህ ትናንት ከፈልሁ።

ለሚቀጥለው ዓመት ግልጹን ፊልም ከአገር ውስጥ አምራች ለመግዛት ዋጋ ጠይቄአለሁ። በኪሎ ይወደዳል፤ ነገር ግን የዛሬ ሦስት ዓመት ስንት እንደሚሆን ሳልጨነቅ ለባለ ሱቆቹ ዋጋ መንገር እችላለሁ። ለቡናው ብርማውን አስመጣለሁ፤ የቴክኒክ መግለጫውን ሻጩ ልኮልኛልና የጥራት ተቆጣጣሪው ወንድሜ ፈቃድ ካለዎት የሽፋን ውፍረቱ የተጻፈበትን ገጽ በግል መልእክት ልላክልዎት።

የጥራት ተቆጣጣሪ (ደቡብ ካሮላይና)፦

ይላኩልኝ። ነገ የሌሊት ፈረቃ ነኝ፤ ከሰዓት በኋላ አየዋለሁ።